በመጠነኛ ገንዘብ ያገለገለ ስፖርት መኪና መግዛት፦ ሚያታን ከሥር እስከ ጣሪያ መመርመር

ስፖርት መኪና የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ 15 ሺህ ዶላር ገደማ ይዞ ለሚገበያይ ሰው ግን ይህ ጥያቄ ገንዘብ ያስበላል። በዚህ ዋጋ 400 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና አይጠፋም፤ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ባለቤት ያሯሯጠው፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀ፣ ጎማው የተላጨ፣ ሞተሩን ማን እንደነካካው የማይታወቅ ነው። በዚያ ላይ የመኪናው ዋጋ ወረደ እንጂ የመለዋወጫው አልወረደም። አዲስ ሳለ 45 ሺህ ዶላር የነበረ መኪና አርጅቶ 12 ሺህ ቢገባም፣ የፍሬን ዲስኩ የሚሸጠው አሁንም በውድ መኪና ዋጋ ነው።

ስለዚህ ምክራችን ቀላል መኪና ነው፤ ቀላል ስንል ክብደቱን ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ አሜሪካ ውስጥ ሚያታ የሚባለው፣ በ1989 ሺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ሲቀርብ ከአንድ ቶን በታች ይመዝን ነበር፤ ሞተሩም 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። አሁን የሚሠራውም ቢሆን ወደ 1,060 ኪሎ ገደማ ነው። ሞተሩ ከፊት ነው፣ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ናቸው፣ ወንበሩ ሁለት ነው፣ ጣሪያው ይከፈታል። መኪናው ቀላል ስለሆነ ጎማውና የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም፣ ቢያልቅም መጠኑ ትንሽ ነውና ዋጋው አይጎዳም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠመዝማዛ የገጠር መንገድ ላይ፣ ሕግ በፈቀደው ፍጥነት ላይ ሆነው፣ ሞተሩን እስከ ጫፍ ድረስ መጠቀም ይችላሉ። 400 የፈረስ ጉልበት ባለው መኪና ይህን ለማድረግ የሚሞክር ሰው ከሁለተኛ ማርሽ ሳያልፍ ፖሊስ ያገኘዋል።

ካምቢዮው በእጅ የሆነውን ይግዙ። አገር ቤት በማኑዋል መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ብዙ አሜሪካዊ በፍሪሲዮን መንዳት አያውቅም። በሚያታ ደግሞ የማርሽ ዘንጉ አጭርና ጥብቅ ነው፤ የመኪናው ግማሽ ደስታ እሱ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፤ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። «ለጊዜው ልንዳውና ኋላ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚለውን ሐሳብ ከስሌቱ ያውጡት።

ገንዘቡን መከፋፈል

15 ሺህ ካለዎት፣ ለመኪናው ከ12 ሺህ በላይ አያውጡ። ከቀረው ላይ ከ1,500 እስከ 2,000 ዶላር ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ይቀመጥ፦ አራት ጎማ፣ ባትሪ፣ ዘይቶች፣ ምናልባት አሞርዛተር። የቀረው ለታክስ፣ ለምርመራና ለኢንሹራንስ ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው መኪናውን ስሙ ላይ ሲያዞር 4.15 በመቶ ይከፍላል፤ በ12 ሺህ ዶላር ላይ ይህ 498 ዶላር ነው። ካውንቲው በየዓመቱ የሚጠይቀው የንብረት ግብርም አለ።

ኢንሹራንሱን መኪናውን ለማየት ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩን፣ እዚህ ቪን የሚባለውን 17 ቁጥርና ፊደል ከሻጩ ተቀብለው ለኢንሹራንስዎ ይስጡ፤ ቁርጥ ያለ ዋጋ ይነግሩዎታል። ሚያታ ብዙ ጊዜ ከሙስታንግና ከሌሎቹ ጉልበተኞች ያነሰ ይጠየቅበታል። ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ወጣት ግን የትኛውም ስፖርት መኪና ሊያስደነግጥ ስለሚችል ሳይጠይቁ አይነሱ።

የትኛው ትውልድ?

ሚያታ እስካሁን አራት ትውልድ አለው፤ ገበያ ላይ የሚጠሩትም በፊደል ኮዳቸው ነው።

ኤንኤ የሚባለው ከ1990 እስከ 1997 ያለው፣ መብራቱ እየተነሳ የሚከፈተው ነው። እስከ 1993 ባለ 1.6 ሊትር፣ ከ1994 ወዲህ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ነው። በጣም የሚወደድ መኪና ነው፤ ግን አሁን ሰብሳቢዎች ገብተውበት ጥሩው ተወድዷል፣ የረከሰው ደግሞ ሥራ ይፈልጋል። የ1990 እና የ1991 መጀመሪያ ሞተሮች አንድ የታወቀ ድክመት አላቸው። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ክራንክ የሚባለው፣ አፍንጫው አጭር ስለሆነ ቺንጊያ የሚዞርበትን ፑሊ የያዘው ቁልፍ እየላላ ቦታውን ይበላዋል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ከፊት በታች ያለውን ፑሊ ያስተውሉ። ቀጥ ብሎ ካልዞረ፣ ግራና ቀኝ ከዋዠቀ ይተዉት። ፑሊው እምብርት ላይ 4 ስንጥቅ ያለው አጭሩ ነው፤ 8 ያለው የተሻሻለው ረጅሙ ነው።

ኤንቢ ከ1999 እስከ 2005 የተሠራው ነው። የኋላ መስኮቱ ከፕላስቲክ ወደ መስታወት ተቀይሯል፣ ሞተሩ 1.8 ሆኖ 140 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ርካሹ ይህ ነው፣ በዝገት የሚጠቃውም ይህ ነው።

ኤንሲ ከ2006 እስከ 2015 ነው፤ 2.0 ሊትር ሞተር፣ በቺንጊያ ፈንታ ሰንሰለት፣ ወደ 170 የፈረስ ጉልበት፣ ሰፋ ያለ ሳሎን። ሲወጣ «ወፍሯል» ተብሎ ስለተወቀሰ ዋጋው ዛሬም ከሚገባው በታች ነው። ቁመቱ ከ1.85 ሜትር በላይ የሆነ ሰው በምቾት የሚቀመጥበት ከአራቱ ይኸኛው ነው። በ2009 ሲታደስ የክራንክ ዘንጉ ተጠናክሮ ሞተሩ እስከ 7,200 ዙር እንዲወጣ ተደርጓል። ከ2007 ጀምሮ ማብሪያ ሲጫኑ ራሱ የሚታጠፍ ጠንካራ ጣሪያ ያለውም አለ፤ 35 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፣ ግን ለክረምትና ለጎዳና ማቆሚያ ይመቻል።

ኤንዲ ከ2016 ወዲህ ያለው ነው። እስከ 2018 ያለው 155፣ ከ2019 ጀምሮ ያለው 181 የፈረስ ጉልበት አለው። ከ2016 እስከ 2018 ከተሠሩት ውስጥ ካምቢዮአቸው የደከመባቸው ነበሩ፤ ማዝዳም ውስጡን ከአንድ ጊዜ በላይ አሻሽሎታል። ከእነዚህ አንዱን የሚገዛ ሰው ካምቢዮው ተቀይሮ እንደሆነ በወረቀት ይጠይቅ።

ለተባለው በጀት የእኛ ምርጫ ከ2009 እስከ 2015 የተሠራ ኤንሲ፣ ከ90 ሺህ ማይል በታች የሄደ፣ የጥገና ወረቀት ያለው ነው። ከ2006 እስከ 2008 ያለው ኤንሲም መጥፎ አይደለም፤ ግን በእሱ ላይ የዘይት ጉዳይ አለ፤ ከታች እንመለስበታለን። 60 ሺህ ማይል ሄዶ ችላ ከተባለ መኪና፣ 110 ሺህ ሄዶ በየጊዜው ዘይቱ የተቀየረለት ይበልጣል። ይህን በእርግጠኝነት እንናገራለን።

ከመሄድ በፊት በስልክ

ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ «ሊብሬው በእርስዎ ስም ነው?» «ባንክ ዕዳ አለበት?» «ስመጣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይቆየኛል?» የመጀመሪያው ላይ «የጓደኛዬ ነው»፣ «ገና አልዞረም» የሚል መልስ ከመጣ እዚያው ያብቃ። ሦስተኛው ላይ እሺ ብሎ ሲደርሱ ኮፈኑ ሞቆ ካገኙት፣ ለምን እንዳሞቀው ያስቡ፤ ሲቀዘቅዝ የሚጮኽ ወይም የሚያጨስ ሞተር ሲሞቅ ዝም ሊል ይችላል።

የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ሁለት ነፃ ፍተሻ ያድርጉ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ ካለ ይታያል፤ የኢንሹራንስ ወንጀል መከላከያው ድርጅት ደግሞ መኪናው ተሰርቆ ወይም በአደጋ ተጥሎ ከነበረ በነፃ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የተከፈለበት የታሪክ ሪፖርት ይግዙ። ሪፖርቱ ላይ ከአደጋው በላይ የሚታየው መኪናው የኖረበት ቦታ ነው። ካሮላይናና ጆርጂያ ያደገ መኪናና ኒውዮርክ ወይም ፔንሲልቬንያ ጨው ላይ ያደገ መኪና፣ ማይላቸው እኩል ቢሆን እንኳ ሥራቸው አይመሳሰልም።

ጣሪያው ተከፋች ስለሆነ ዋጋው ከኅዳር እስከ ጥር ይረግባል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይወደዳል።

ዝገቱ ከየት ይጀምራል

ሚያታ ላይ ብዙ ሰዓት የሚወስደው ምርመራ ይህ ነው፤ ሞተር ይቀየራል፣ የበሰበሰ ሻንሲ ግን ዋጋውን ጨርሶ ይበላል።

የጨርቅ ጣሪያው ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ኋላ ወርዶ ከመስኮቱ ሥር ባለ የላስቲክ ቦይ ይሰበሰባል። ከዚያ ከሁለቱ ወንበሮች ኋላ፣ የቀበቶው ማማ አጠገብ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ ከመኪናው በታች ይፈሳል። ቅጠልና አፈር እነዚህን ቀዳዳዎች ሲደፍናቸው ውሃው መሄጃ ያጣል። ወይ ሳሎኑ ውስጥ ገብቶ ምንጣፉን ያርሰዋል፣ ወይ ከበሩ ሥር ባለው ባዶ ብረት ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ያበሰብሰዋል። ውጭ ያለው ቀለም ሲያብጥ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ከወንበሮቹ ኋላ ያለውን ምንጣፍ በመዳፍዎ ተጭነው እርጥበቱን ይፈትሹ፣ ያሽቱት፤ የሻጋታ ሽታ ካለ ውሃ ገብቶ ያውቃል። ሻጩን አስፈቅደው ግማሽ ሊትር ውሃ በቀስታ በቦዩ ላይ ያፍስሱ። ውሃው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መሬት ላይ መውረድ አለበት። ካልወረደ ቱቦው ተደፍኗል። ቀጥሎ ይንበርከኩና በሩ ሥር ያለውን ብረት፣ በተለይ ከኋላ ጎማው በፊት ያለውን አንድ ስንዝር፣ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚለሰልስ መሆን የለበትም። በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት እዚያው ላይ ያስጠጉ፤ ሌላው ቦታ ላይ የሚጣበቀው ማግኔት እዚህ ሲንሸራተት ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ይህን የማግኔት ነገር ሻጭ ፊት ለማድረግ የሚያፍሩ አሉ፤ አይፈሩ፣ ካላደረጉት የሚያጡት ሺዎች ዶላር ነው።

ኤንቢ ላይ አንድ ተጨማሪ ቦታ አለ። ከፊት ጎማዎቹ መካከል የሚሄዱት ሁለቱ የሻንሲ ወራጆች ከፊት በኩል ድርብ ብረት ስለሆኑ ውሃና ጨው በመካከላቸው ይቀራል። መኪናው ክሪክ ላይ ወጥቶ በባትሪ ብርሃን ካልታየ አይታወቅም። እግረ መንገድዎን የወራጆቹን ሆድ ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ ክሪክ በስሕተት ቦታ ስለተደገፈባቸው ተጨፍልቀዋል። ትንሽ መጨፍለቅ አይጎዳም፣ የተቀደደ ግን ይጎዳል። በትክክል የሚነሳው ከፊት በመካከለኛው መስቀያ፣ ከኋላ በዲፈረንሻሉ ነው።

ግጭት የነበረበትን ለማወቅ ኮፈኑን ከፍተው ፓራፋንጎውን የያዙትን ቡሎኖች ይመልከቱ። ቀለማቸው የተላጠ ከሆነ ተፈትተው ያውቃሉ። የኋላ ዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ያንሱና ወለሉ የተኮረማመተ መሆኑን ይዩ፤ በኤንኤና በኤንቢ ባትሪውም እዚያ ነው፣ አሲድ ፈስሶ ብረቱን በልቶ ይገኛል።

ሞተሩ ሳይነሳ

እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያድርጉ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የዘይት መለኪያውን አውጥተው ጠርገው መልሰው ያውጡ። ከ2006 እስከ 2008 ባለ ኤንሲ ላይ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። እነዚህ ሞተሮች ዘይት ጎድሎባቸው ከተነዱ የቢየላ (የፒስተን ዘንግ) ኩሽኔታቸው ይበላል፤ መጀመሪያ ከታች ቀለል ያለ መንኳኳት ይሰማል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይሞታል። ዘይቱ ከመለኪያው ግማሽ በታች ከሆነና ሻጩ ካልገረመው፣ ሌላ መኪና ይፈልጉ። ደግነቱ ሞተሩ ቢሞትም ከሌሎች የማዝዳና የፎርድ መኪኖች የሚወጣው 2.5 ሊትር ሞተር እዚህ መኪና ላይ ይገጥማል፤ ብዙ ሰው ሆን ብሎ ይቀይረዋል። ግን ያ ሌላ ሥራ ነው።

የዘይት መክፈቻው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። በኤንኤና በኤንቢ ራዲያተሩ ላይ ያለው የላይኛው ፕላስቲክ ጥቁር መሆን አለበት። ወደ ቡናማነት ከተቀየረ ፕላስቲኩ ደርቋል፣ አንድ የሞቀ ቀን ይሰነጠቃል። ከሞተሩ ኋላ በኩል ዘይት ካንጠባጠበ በኤንኤ ላይ ብዙ ጊዜ የካም ሴንሰሩ ክብ ላስቲክ ነው፤ ላስቲኩ ርካሽ ነው፣ እጅ ማስገባቱ ግን ያስቸግራል። ኤንኤና ኤንቢ የጊዜ ቺንጊያ አላቸው፤ በየ60 ሺህ ማይሉ ይቀየራል። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩና ከውሃ ፓምፑ ጋር የሚቀየርበትን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀንሱ።

የፍሪሲዮን ዘይት ያለባትን ትንሿን ጠርሙስ ይክፈቱ። ዘይቱ ጠቁሮ ከጎደለ ካምቢዮው ጎን ያለው ታችኛው የፍሪሲዮን ሲሊንደር እያፈሰሰ ነው። በኤንኤና በኤንቢ የታወቀ ነገር ነው፤ ዕቃው ርካሽ፣ ሥራውም አጭር ስለሆነ መኪናውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይሆናል።

ከ1996 ወዲህ በተሠራ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር የመኪናው ኮምፒውተር የሚነበብበት የኦቢዲ-2 ሶኬት አለ። ከ20 እስከ 30 ዶላር የሚሸጥ ትንሽ አንባቢ ይዘው ይሂዱ። ብዙ ሰው የሚያየው የብልሽት ኮድ አለ ወይስ የለም ብሎ ብቻ ነው። እርስዎ ግን «ዝግጁነት» (readiness) የሚለውን ዝርዝር ይክፈቱ። ከዝርዝሩ ብዙዎቹ «ዝግጁ አይደለም» ካሉ፣ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተፈትቷል። ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ለመጨረስ ብዙ ማይል መነዳት ስለሚፈልግ፣ ለገዢ ሲል ትናንት ማታ የቼክ ኢንጅን መብራት ያጠፋ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል።

ሲነሳና ሲነዳ

ሞተሩ ሲነሳ አንድ ሰው ከኋላ ማርሚታው ጋ ይቁም። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቢታይ ተን ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና ከጣፈጠ ሽታው የራዲያተር ውሃ ነው። ኤንኤ ሲነሳ ጠክ ጠክ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ይህ የቫልቭ ማስተካከያው ዘይት እስኪሞላ ነው፣ በጥቂት ደቂቃ ከጠፋ አያስፈራም። ከታች በኩል የሚሰማ፣ ነዳጅ ሲጨምሩ የሚፈጥን ደብዛዛ መንኳኳት ግን ያስፈራል።

ቢያንስ 30 ደቂቃ ይንዱ፤ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር መዞር ምንም አያሳይም። ካምቢዮው ገና ሳይሞቅ ሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ቢቃወም የሚያታ ጠባይ ነው፤ ከሞቀ በኋላም ቢያንገጫግጭ ግን ማርሾቹን የሚያስማማው ቀለበት፣ ሲንክሮው፣ አልቋል። ፍሪሲዮኑን ለመፈተን በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ነዳጁን እስከ ታች ይጫኑ። ዙሩ ብቻ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለው ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ማይል ጠንከር አድርገው ፍሬን ይያዙ፤ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ የፍሬን ሸራውን የሚጫነው ካሊፐር ተይዟል። ሬዲዮኑን ያጥፉ፣ ጣሪያውን ይዝጉ፤ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር የማጓራት ድምፅ፣ መሪውን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩ የሚለወጥ ከሆነ፣ የጎማ ኩሽኔታ ነው።

ጎማውንም ያንብቡት። ጎኑ ላይ DOT ከሚለው ቀጥሎ ከተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ስምንት ዓመት የሞላው ጎማ ደርቋል፤ ዝናብ ላይ በኋላ ጎማ በሚገፋ ቀላል መኪና ይህ አደጋ ነው። አራቱ ጎማዎች አራት ዓይነት ስም ካላቸው፣ ባለቤቱ ሌላውም ነገር ላይ እንዲሁ ሲያብቃቃ እንደኖረ ይገምቱ።

የተነካካ መኪናን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው። ጥሩ አሞርዛተር፣ ጥሩ ቸርኬ፣ ከወንበሩ ኋላ የሚገጠም የብረት መከላከያ፣ ደረሰኝ ካላቸው ጥቅም ናቸው። የተቆረጠ ሞላ፣ ስሙ የማይታወቅ ተርቦ፣ በቴፕ የተጠቀለለ ሽቦ ካዩ ግን ዋጋው ቢረክስም ይተዉት። የፋብሪካው ዕቃ አብሮ ይሸጥ እንደሆነም ይጠይቁ።

ይህን ሁሉ አልፎ ከወደዱት፣ ሻጩ በማያውቀው መካኒክ ዘንድ ክሪክ ላይ ይውጣ። ከ150 እስከ 300 ዶላር ያስከፍላል። መካኒኩን የሲሊንደሮቹን ግፊት እንዲለካ ይጠይቁት፤ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሻጩ ምርመራውን እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል። የአገር ልጅ ቢሆንም፣ በደንብ የሚያውቁት ጎረቤት ቢያገናኝዎትም፣ ምርመራው አይቅር። መኪናው ሲበላሽ ዝምድናውም አብሮ እንዳይበላሽ ይኸው ይሻላል።

ሌሎቹ

ሁለት ወንበር ለማይበቃው ሰው ቶዮታ 86፣ ሳይኦን ኤፍአርኤስና ሱባሩ ቢአርዜድ አንድ መኪና በሦስት ስም ናቸው። ከ2013 እስከ 2020 ያለው 2.0 ሊትር፣ 200 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ድረስ ጉልበቱ ጎደል ይላል፣ ሞክረው ይልመዱት። የ2013 ሞዴል ከሆነ በ2018 መጨረሻ የቫልቭ ሞላ ጥሪ ወጥቶበታል። ለዚያ ሞተሩ ወርዶ ይፈታል፤ ሲመለስ ማጣበቂያው በዝቶ የዘይት መተላለፊያ ደፍኖባቸው የሞቱ ሞተሮችም አሉ። ሥራው ተሠርቶ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሺህ ማይል የሄደውን ይምረጡ።

ፖርሽ ቦክስተር በዚህ ዋጋ ያባብላል። እስከ 2008 ባለው ሞተር ውስጥ አይኤምኤስ የሚባለው ኩሽኔታ ከተሰበረ ሞተሩ በሙሉ ይሄዳል፤ ከ2009 ወዲህ ተወግዷል። መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝና ለጥገና 5 ሺህ ዶላር ለብቻው ከሌለ አይመከርም። ኒሳን 350ዜድ ጉልበተኛና ርካሽ ነው፤ በ2006 በእጅ ካምቢዮ የመጣው ሞተር ዘይት ስለሚጠጣ የ2007 እና የ2008ን ይፈልጉ። ሆንዳ ኤስ2000 ድንቅ መኪና ነው፣ ግን ከዚህ በጀት ወጥቷል።

ወረቀቱ

ክፍያው ባንክ ውስጥ ይፈጸም፣ በባንክ ቼክ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከዳሽቦርዱ ላይና ከበሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በጣትዎ እየተከተሉ ያንብቡ። «ሳልቬጅ» (በአደጋ የተጣለ) ወይም «ሪቢልት» (ከዚያ በኋላ የተጠገነ) የሚል ካለ ዋጋው በጣም ዝቅ ማለት አለበት፤ ኢንሹራንስም ያስቸግራል። ሜሪላንድ ላይ ለማስመዝገብ መኪናው በተፈቀደለት ጣቢያ የደኅንነት ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ90 ቀን ነው። ቨርጂኒያ ምርመራው በየዓመቱ ነው፤ መስታወቱ ላይ ያለው ተለጣፊ ጊዜው እንዳላለፈ ይዩ። ሰሌዳውን ሻጩ ፈትቶ ስለሚወስደው፣ ጊዜያዊ ሰሌዳና ኢንሹራንስ ሳይያዝ ወደ ቤት አይነዳም።

የመጀመሪያው ሳምንት

የሞተር ዘይት ይቀየር፤ ለኤንሲ ከፊልትሮው ጋር 4.3 ሊትር ገደማ ይገባል፣ ግን በመለኪያው ይጨርሱ እንጂ በቁጥሩ አይመኑ። ለኤንኤና ለኤንቢ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ 2 ሊትር 75-90 የማርሽ ዘይት ይበቃል፤ ለሲንክሮው የሚስማማው ጂኤል-4 የሚለው ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይቱም ይለወጥ፤ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ሳይነካ የሚኖረው እሱ ነው።

የጎማውን አየር ይፈትሹ። ጎማ ቤቶች ለሁሉም መኪና 35 ፒኤስአይ ይሞላሉ፤ ለኤንኤ ፋብሪካው ያዘዘው 26፣ ለኤንዲ 29 ነው። በ35 የተሞላ ሚያታ ጉድጓድ ላይ ይዘላል፣ ኩርባ ላይም ይንሸራተታል፤ ሰው አሞርዛተሩ አለቀ ብሎ ገንዘብ ያወጣል። የራስዎ መኪና ስንት እንደሚፈልግ በሩን ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ ተጽፏል።

በመጨረሻም እነዚያን የዝናብ ቱቦዎች ያጽዱ። ሽቦ አያስገቡ፣ ላስቲኩን ይቀድዳል። የሣር ማጨጃ የፕላስቲክ ክር አንድ ሜትር ቆርጠው ጫፉን በእሳት ያድቦልቡሉት፣ ከላይ በቀስታ እያሽከረከሩ ያውርዱት፣ ከዚያ ውሃ ያፍስሱና ከታች ሲወርድ ይዩ። ቅጠል ረግፎ ሲያበቃ በኅዳር መጨረሻ አንዴ፣ በሚያዝያ ደግሞ አንዴ።